ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ

የህሊና አስከሬን ነጩ ዓባይ ዳር ባለች አንዲት የመንደር ጤና ጣቢያ፣ በሽቦ አልጋ ላይ፣ በገዛ ነጠላዋ ተሸፍኖ ነበር። ሻምበል ጥዑመልሳን ነጠላውን ገልጦ ፊቷን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ቁስል የለም፤ የጊንጥም ሆነ የእባብ ምልክት የለም። በቀለበት ጣቷ ላይ ገና ያልደበዘዘ የቃል ኪዳን ቀለበት ያበራል። ከፋሲካ በኋላ ልትዳር ነበር።

ወጣቱ ሱዳናዊ ሐኪም እጁን እየታጠበ የሆነውን በዓረብኛ አስረዳው። ስትደርስ ትንፋሿ ወጥቷል። ወዲያው ጣቷን ወግቶ ደሟን ሲለካ ስኳሯ ከሞላ ጎደል አልቆ ነበር።

«ስኳር ቢሰጧት ኖሮ ትተርፍ ነበር» አለ ሐኪሙ።

«ሰጥተዋታል። ሁለት ኩባያ ጠጥታለች፤ ሁሉም አይቷል።»

«እንግዲያው ሁሉም ያየው ስኳር አይደለም» አለና ሐኪሙ እጁን አደረቀ።

ሻምበል በዚህ መልስ ደስ አለው። ከሬሳ አጠገብ ደስ የሚለው ሰው መሆኑን ራሱም አይወደውም፤ ግን ተፈጥሮው ነው። መንግሥት እስኪለወጥ ድረስ ደሴ ላይ የፖሊስ መርማሪ ነበር። ከዚያ ወዲህ ካርቱም፣ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር፣ ያገለገሉ የመኪና ዕቃዎች ይሸጣል። ስሙ ጥዑመልሳን ይሁን እንጂ ከአንደበቱ ጣፋጭ ነገር ሲወጣ የሰማ ሰው የለም። የሆነ ሆኖ ዴም የሚባለው የካርቱም ሰፈር አበሾች ነገር ሲጠፋባቸው ከፖሊስ በፊት እሱን ይጠራሉ። ያን ዓርብ ቀትር ላይም የዕድሩ ሊቀመንበር አቶ ተሰማ ደውለው፣ «የብርቅነሽ እህት ሞተችብን። ፖሊስ መዲናን ሊወስዳት ነው» አሉት።

ዕድሩ በየዓመቱ ከከተማ ርቆ ወንዝ ዳር ይሰበሰባል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጎረምሳ ጠጥቶ ወንዝ ገብቶ ነበር። ሲያወጡት ነፍሱ አልወጣችም ነበር፤ ነገር ግን የመኪናው ቁልፍ የት እንዳለ የሚያውቅ ጠፍቶ፣ አንዱ ክብሪት እያሸተተው፣ ሌላው ሆዱን እየረገጠው እጃቸው ላይ ሞተ። ከዚያ ወዲህ አቶ ተሰማ ሕግ አወጡ። ጉዞው የሚጠጣ ሰው በማይኖርበት በሁዳዴ ይሆናል። አንድ ፒካፕ አፍንጫውን ወደ መንገድ አዙሮ፣ ቁልፉ ተሰክቶበት ይቆማል። አርካዊት ሰፈር ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራው ፅዮን የእርዳታ ቦርሳ ትይዛለች፤ ሰው ሲወድቅ ከእሷ በቀር የሚነካው አይኖርም። ጥሩ ሕግ ነበር። ህሊና የሞተችው ሕጉ ሁሉ ተከብሮ ነው፤ ሻምበልን ያስጨነቀውም ይኸው ነው።

ወንዙ ዳር ሲደርስ ሰዉ በሁለት ግራር ሥር ተከፍሎ ተቀምጧል። በትልቁ ግራር ሥር ክርስቲያኖቹ አሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እህልም ውሃም ስለማይቀምሱ፣ ሙስሊሞቹ እፊታቸው ላለመብላት ብለው ራቅ ያለውን ትንሹን ግራር ይዘዋል። ዘንድሮ ክፍፍሉ ከወትሮው የጠነከረ ነበር። ከትልቁ ግራር ወደ ትንሹ የሚወረወረው ዓይን መልካም አልነበረም።

መዲና ለብቻዋ የፖሊስ መኪናው ጥላ ሥር ተቀምጣለች። የወሎ ልጅ ናት፤ አርካዊት የሰው ቤት ትሠራለች። ኢቃማ የሚሉት መኖሪያ ፈቃድ የላትም። ዛሬ ከተወሰደች ስለ ህሊና ባይጠይቋት እንኳ ስለ ወረቀቷ ይጠይቋታል፤ ከእስር ቤቱ በኋላ ደግሞ ድንበር ነው። በእሷ ደመወዝ የሚማሩ ሁለት ልጆች ኮምቦልቻ አሉ።

ሽበታሙ ሻዊሽ፣ የፖሊሱ ሃምሳ አለቃ፣ ክፉ ሰው አይመስልም። ለዐስር ሶላት ወደ መንደሩ መመለስ እንዳለበት፣ እስከዚያ ሌላ ሰው ካልተገኘ ግን ይችን ይዞ እንደሚሄድ ለሻምበል ነገረው። ጠዋት የስኳር ሕመሟን መርፌ የወጋቻት እሷ ናት። በቅርጫቷ ውስጥም ባዶ የክኒን ብልቃጥ ተገኝቷል። ሰዉ «መርዝ ነው» ብሎ ደምድሟል።

ሻምበል ብልቃጡን ተቀብሎ አነበበው። የስኳር ሕመምተኞች በስኳር ፈንታ ሻይ ውስጥ የሚጨምሯት፣ የምታጣፍጥ ትንሽ ነጭ ክኒን ናት። ማንንም አትገድልም። ብልቃጡን ኪሱ ከተተና መዲና አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«ጠዋት የሆነውን ንገሪኝ፣ ልጄ።»

መዲና ከንፈሯን እየነከሰች ተናገረች። የአሠሪዋን እናት ስትወጋ ስለለመደች ህሊናንም ሲገናኙ የምትወጋት እሷ ናት። ዛሬም የወትሮውን ያህል ወጋቻት። የንስሐ አባቷ ስለ ሕመሟ ብለው ከጾሙ ፈትተዋታል፤ ህሊና ግን ሰው ፊት መብላት ታፍራለችና በር ዘግታ ነበር የምትበላው። ዛሬ ገና ዳቦውን ሳትቆርስ እህቷ ብርቅነሽ መጥታ በሩን ደበደበች፤ ሃፍላው፣ የጉዞው አውቶቡስ፣ ሊሄድ ነው ብላ እጇን ይዛ አወጣቻት። መዲናም «ስንደርስ እኛ ዛፍ ሥር መጥተሽ ትበያለሽ» ብላት ተለያዩ።

«ብልቃጡስ?»

«የሷ ነው ጋሼ። ትላንት የተገዛ፣ ሙሉ ነበር። የሻይ ዕቃዋን እኔ ነኝ የምይዝላት፣ ሰው እንዳያይባት።»

«ለምን አልበላችም ታዲያ?»

«ብርቅነሽ አጠገቧ አስቀመጠቻት። ሁለት ጊዜ ልጠራት ሄድኩ፤ ሁለቴም "ተያት፣ ከእህቷ ጋር ትጸልይ" አለችኝ።»

ሻምበል ከዚያ በኋላ ያን ቀን ለሁሉም ያቀረበውን ጥያቄ አነሳ። «ህሊና ካላት ነገር አንቺን የሚያስቀናሽ የትኛው ነው?»

መዲና ለመመለስ አላመነታችም። «ኢቃማዋ። ፖሊስ ስታይ መንገድ አትቀይርም።»

ፅዮን የእርዳታ ቦርሳውን ታቅፋ፣ ዓይኗ አብጦ ተቀምጣ ነበር። እዚሁ ካርቱም ተወልዳ ስላደገች አማርኛዋ በየመሃሉ ይሰበራል። ህሊና ላብ በላብ ሆና መንቀጥቀጥ ስትጀምር፣ ክብሪት የጫረውን ሰውዬ አባርራ፣ ራሷ አፍልታ ያዘጋጀችውን የስኳር ውሃ ሰጠቻት። ጠጣች። እንደተማረችው ጥቂት ጠብቃ ደገመቻት። ህሊና ፊቷን አጨማዳ «ይመራል» አለች። የሕመምተኛ አፍ ነው ብለው አለፉት። ከዚያ ራሷን ሳተች፤ በጎኗ አስተኝተው ፒካፑ ላይ ጫኗት፤ ወዲያው ተነሡ። መንገድ ላይ አለፈች።

«መዲና ሻይ ይዛ መጣች፣ ብዙ ሱከር ያለው» አለች ፅዮን። «እኔ ኻላስ፣ ተሰጥቷታል፣ ይበቃል አልኩ። ያዕኒ ጠርሙሱን አመንኩት። ብርቅነሽ ደግሞ "ልጅቷ ጾመኛ ናት" ብላ ብርጭቆውን መታችው፤ ተደፋ።»

«የስኳር ውሃውን ስታፈዪ ቀምሰሽዋል?»

«ትላንት ማታ። ቀምሼ ነው የማደርገው። ዛሬም ከሙስሊሞቹ ጋር ሻይ ጠጥቻለሁ። እናቴ ትጾማለች፤ ለሁለታችን ይበቃል።»

«ቦርሳው ከእጅሽ የወጣው መቼ ነው?»

«አንዴ ብቻ። ጡሉምባው ጋ፣ ነዳጅ ማደያው፣ ናፍጣ ሲሞላ፣ ሽንት ቤት ሄድኩ። ሰው እየወረደ ነበር። ወንበሬ ላይ ተውኩት።»

ህሊና ካላት ምን እንደሚያስቀናት ሲጠይቃት ዓይኑን እያየች መለሰች። «ውብሸት። ዋላሂ አልዋሽም። መጀመሪያ እኔን ነበር የጠየቀው። እኮራለሁ ብዬ ቀረሁ። ቀለበቱን ጣቷ ላይ ባየሁ ቁጥር ምሳ አይበላልኝም።»

ውብሸት የሃፍላው ሹፌር፣ የህሊና እጮኛ ነው። ወንዙ ጠርዝ ላይ ቆሞ ሲጋራ በሲጋራ ያቀጣጥላል። ሲጋራ ሳያቆም ጾም መጀመር ግብዝነት መስሎ እንደሚታየው ነገረው። ጡሉምባው ጋ ሲደርሱ ሃፍላው ውስጥ የቀሩት ብርቅነሽና መዲና ብቻ ናቸው። ብርቅነሽ ውዳሴ ማርያም ልድገም ብላ፤ መዲና ደግሞ እዚያ ወረቀት የሚያይ ፖሊስ ስለማይጠፋ የኋላ ወንበር ላይ ተኝታ። እሱ ናፍጣውን ሲያስሞላ ይወጣ ይገባ ነበር።

«እኔ በሷ ላይ አልቀናም» አለ ለጥያቄው። «በሷ ነበር የምቀናው። ምግብ ቤቷ ገብቶ የሚስቅላትን ሁሉ እጠላ ነበር። ለዓመታት ብርቅነሽ ምግብ ቤት ስበላ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ህሊና የራሷን ቤት ስትከፍት ግን ሄድኩ፤ ሆዴን ተከትዬ ሳይሆን ልቤን ተከትዬ።»

አቶ ተሰማም ሳይጠየቁ አልቀሩም። ከከተማ ጀምሮ ፒካፑን ሲነዱ ስለነበሩ ሃፍላው ውስጥ አልገቡም፤ ቢሆንም፣ የሚቀጥለው ምርጫ ቢደረግ ህሊና ሊቀመንበርነቱን እንደምትወስድባቸው ያውቁ እንደነበር አፍረው ተናዘዙ። ቅናት የሌለበት ሰው ፍለጋ የወጣ ሰው ብዙ መሄድ ይኖርበታል።

ብርቅነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ምንጣፍ ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች። ድምፅዋ ሰልሏል። ህሊናን ከአገር ቤት ያስመጣቻት፣ ሙያ ያስተማረቻት እሷ ናት። ሻምበል አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ያንኑ ጥያቄ ጠየቃት።

ቀና ብላ አየችው። «ሰው በገዛ እህቱ ይቀናል ይላሉ እንዴ ሻምበል? ያሳደግኳት እኔ ነኝ። በሷ የምቀናበት ምን አለኝ?»

«እውነት ነው» አለና ተነሣ።

ከምንጣፉ ጠርዝ፣ ህሊና ከወደቀችበት አጠገብ፣ አሸዋው ላይ ሁለት የደረቁ ነጠብጣቦች ነበሩ። ሻምበል ጉልበቱ እያመመው ተንበረከከ። አንደኛው የመዲና ሻይ የተደፋበት ነው፤ አጠገቡ የተሰበረ ብርጭቆ አለ። ጉንዳን ወርሮት አሸዋው የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ሌላው፣ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ፣ የእርዳታው ውሃ ከኩባያ የፈሰሰበት ነው። እዚያ አንድም ጉንዳን የለም። አንዷ እንዲያውም ጠርዙ ድረስ ደርሳ ዞራ ተመለሰች። ሻምበል ሻዊሹን ጠርቶ ሁለቱንም አሳየው። ሻዊሹ «ሱብሐናላህ» አለና ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ።

ሻምበል ወደ መዲና ተመልሶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት፤ ጡሉምባው ጋ የኋላ ወንበር ላይ ተኝታ ሳለ የሰማችው ነገር ካለ። ውሃ በመስኮት ወደ አስፋልት ሲንቆረቆር መስማቷን ነገረችው። ሰው እጁን የሚታጠብ ነበር የመሰላት። ቅርጫቷን ከፊት ወንበር ላይ ትታው ነበር።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ሁለቱም ግራሮች አንድ ላይ ተሰበሰቡ። ከፅዮን ቦርሳ የወጣው ጠርሙስ ሲሶው ገና አልተነካም፤ ሻምበል በእጁ ይዞታል። ከሳለ በኋላ እንደ ወትሮው በደረቁ ጀመረ።

«ህሊና መርፌ ተወግታ ሳትበላ ዋለች። ስኳሯ ወረደ። ይህ ብቻውን አይገድላትም ነበር፤ መድኃኒቱ እዚሁ ጠርሙስ ውስጥ ነበርና። ፅዮን ያደረገችው ሁሉ ትክክል ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግን ስኳር አልነበረም። ስኳሩ ጡሉምባው ጋ በመስኮት ተደፍቷል፤ መዲና ሲንቆረቆር ሰምታለች። በምትኩ ውሃና የዚህ ብልቃጥ ክኒን ገባ። ለምላስ ይጣፍጣል፤ ለደም ምንም አይጠቅምም። ጉንዳን ስለማይታለል ያንን ነጠብጣብ ትቶ የመዲናን ሻይ ወርሯል።»

ማጉረምረም ተነሣ። አንዲት ሴት ብልቃጡ የተገኘው መዲና ዘንድ መሆኑን አስታወሰች።

«ለዚያም እመጣለሁ። ጡሉምባው ጋ ወደ ቦርሳው መድረስ የሚችሉት ሦስት ናቸው፤ ውብሸት፣ መዲና፣ ብርቅነሽ። ፅዮንን አራተኛ አድርጉልኝ፣ ቦርሳው የራሷ ነውና። አሁን ህሊና የተናገረችውን የመጨረሻ ቃል አስቡት። "ይመራል" ነው ያለችው። ይህች ክኒን ሁለት ሦስት ስትሆን ታጣፍጣለች፤ ብልቃጡ ሙሉ ሲሟሟ ግን ትመራለች። ውሃውን ያዘጋጀው ሰው አንድ ጠብታ መዳፉ ላይ ቢያደርግ ያውቅ ነበር። ጥፋት የሚሠራ ሰው ጥፋቱን አይቀምስም? እንዲህ የመሰለ ጥንቁቅ ሰው ምን ቢይዘው ነው ሳይቀምስ የተወው?»

ሻምበል ወደ ሴቶቹ ዞረ።

«በሁዳዴ ወጥ ስትሠሩ ጨው እንዴት ነው የምትጥሉት?»

«በዓይን ነዋ» አለች አንዲት አሮጊት። «ማን ይቀምሳል ጾም ይዞ።»

«በዓይን። መዲና ሰው ቤት የምታበስል እስላም ናት፤ ሳትቀምስ ከእጇ የሚወጣ ነገር የለም። ፅዮን ሻይ ጠጥታ ነው የዋለችው። ውብሸት ከንጋት ጀምሮ ሲጋራ ያጨሳል። ከአራቱ ዛሬ ጠዋት ጾመኛ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሰዉ በዝግታ ወደ ብርቅነሽ ዞረ።

«ሌላም አለ» አለ ሻምበል፤ ድምፁ ዝግ አለ። «ሻይም ጾም ያስገድፋል፤ የስኳር ውሃም ያስገድፋል። ብርቅነሽ፣ ፅዮን ጠርሙሱን ስታጠጣት ዝም ብለሽ አየሽ። የመዲና ሻይ ሲመጣ ግን "ጾመኛ ናት" ብለሽ መታሽው። አንዱ እንደማያድናት፣ ሌላው እንደሚያድናት ታውቂ ነበር። ዳቦዋን ሳትቆርስ በር ያንኳኳሽውም፣ ከአጠገብሽ ያላስነሳሻትም ለዚሁ ነው። ብልቃጡንም መዲና ኋላ ተኝታ ሳለ ከቅርጫቷ አውጥተሽ፣ ባዶውን መልሰሽ ከተትሽላት። ሁሉም የሚቀናበትን ነገረኝ። ምንም የለኝም ያልሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

«በሐዘኔ ላይ ነው ይህን የምትለኝ?» አለች ብርቅነሽ። ከእርስዎ ወደ አንተ መውረዷን ያስተዋለች አትመስልም ነበር። «ማስረጃህ ጉንዳን ነው?»

ሻምበል ጠርሙሱን ከፍቶ ኩባያ ውስጥ ጥቂት ቀዳና አጠገቧ አስቀመጠው። «ልሳሳት እችላለሁ። ስኳር ከሆነ ቅመሺውና ለሻዊሹ ጣፋጭ ነው በዪው። መዲናን ፈትቶ እኔን ይዞ ይሄዳል።»

ብርቅነሽ ኩባያውን አየችው። እጇ ተነሥቶ መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣

«ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም» አለች።

ከትልቁ ግራር አንድ ሰው «እግዚኦ» ሲል ተሰማ። ውብሸት ሲጋራውን ጥሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ነፍስ ለማጥፋት ደፍረሽ፣ ጾም ለመግደፍ ፈራሽ» አለ ሻምበል። በድምፁ ውስጥ ድል አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ብርቅነሽ አላለቀሰችም። ዓይኗን ከውብሸት ሳትነቅል ተናገረች። ለዓመታት ማዕዷ ላይ ሲቀመጥ ለእሷ የመጣ መስሏት እንደነበር፤ ያስመጣቻት ልጅ መጀመሪያ ደንበኞቿን፣ ቀጥሎ እሱን ይዛባት ስትሄድ ማንም «ብርቅነሽ ምን ይሰማት ይሆን» ብሎ እንዳልጠየቀ፤ ቀለበቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየቻት እሷን መሆኑን። «ስቃ ነበር ያሳየችኝ» አለች። «አብሬያት ሳቅኩ። ያ ሳቅ እስካሁን ጉሮሮዬ ውስጥ አለ። ሕመሟን እፊቱ እንዲያየው ነበር የፈለግኩት። ወድቃ፣ አረፋ ደፍቃ እንዲያያት። እንዲተዋት።»

«ለዚያ ብቻ ከሆነ ጠርሙሱን ለምን ቀየርሽው?»

ብርቅነሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ሻዊሹ መዲናን በእጁ ምልክት ነፃ አወጣት። ስለ ወረቀቷ አልጠየቀም፤ ሻምበልም አላስታወሰውም። አቶ ተሰማ የእርዳታ ቦርሳውን አንሥተው ሲያገላብጡ ቆዩ። ለመኪናው ሕግ አውጥተዋል፤ ለቁልፉ፣ ለሚያክመው ሰው አውጥተዋል። ቦርሳውን ማን ይጠብቀው ብለው ግን አስበው አያውቁም ነበር። ፅዮን መዲናን አንገቷን አቅፋ፣ «ሻይሽን ብሰማሽ ኖሮ» እያለች ታለቅሳለች።

ብርቅነሽ የፖሊስ መኪናው ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ፀሐይዋ ፊት ለፊት ትመታታለች፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። በትልቁ ግራር ሥር አንዱ አዛውንት የጥላቸውን ርዝመት በእግራቸው ለክተው ማማተብ ጀመሩ፤ የጾም መፍቻው ደርሷል። ዓመት በዓመት በዚያች ሰዓት ማዕድ ይቀርብ ነበር፤ ዛሬ ግን ማንም መሶቡን አልከፈተም።

መዲና ከትንሹ ግራር ውሃ በጣሳ ይዛ መጣች። ሻዊሹን በዓይኗ አስፈቅዳ ለብርቅነሽ ዘረጋችላት።

«ዘጠኝ ሰዓት ሞልቷል» አለቻት። «ጠጪ።»

ብርቅነሽ ጣሳውን በሁለት እጇ ተቀበለች። አማተበች። ውስጡን ትክ ብላ አየች፣ ከዚያ መዲናን አየች። መጀመሪያ በምላሷ ጫፍ ቀመሰችው፤ ውሃ ብቻ መሆኑን ካረጋገጠች በኋላ ጠጣች።